የአሥራ አራት ቁጥር ታኒካ

«ሲያስነሳው ለኪ፤ ሲጠፋበትም ለኪ። ወንድሜን እወደዋለሁ፤ ቤንዚን ግን በፍቅር አይጠበቅም።»

አሥራ አራት ይህን ለሚስቱ የነገራት ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው፤ ዝቅ አደረገ ከተባለ። ውሃ ላይ ሲጮህ የኖረ ሰው ሹክሹክታው የሌላውን ሰው ጥሪ ያህላል። መኝታ ቤቱን ከውጪው ክፍል የሚለየው ግድግዳ ደግሞ ኮምፔንሳቶ ነው፤ ከወዲያ በኩል ሰው ክብሪት ሲጭር እንኳ ይሰማል። ልብስ ሰፊዋ ሚስቱ ተነሥታ የባሏን አፍ በእጇ ልትከድነው ምንም አልቀራት። ከግድግዳው ወዲያ ጫማውን ሲያስር የነበረው ዋርሳዋ፣ የባሏ ታናሽ ወንድም፣ ድንገት ጸጥ አለ። ጥቂት ቆይቶ እንደገና ማሰሩን ቀጠለ። ሰምቷል ማለት ነው። እሷ መስማቱን አወቀች፤ ባልየው ግን ምንም ሳይታወቀው የመለኪያውን እንጨት አቀበላት። በካቻቢቴ ጫፍ መስመር የተጫረበት፣ ክንድ የማይሞላ ዘንግ ነው። «ቤንዚኑ አሁን እዚህ ጋ ነው» ብሎ በጥፍሩ አሳያት።

ሰውየውን ጀልባ መሳፈሪያው ላይ በስሙ የሚጠራው የለም። የጀልባው ተራ ቁጥር አሥራ አራት ስለሆነ እሱም አሥራ አራት ነው፤ እሷ የአሥራ አራት ሚስት ናት፤ ሁለቱ ልጆቻቸውም ትምህርት ቤት ሳይቀር የአሥራ አራት ልጆች ይባላሉ። ቁጥሩ ጉሮሯቸው ነው። በእሱ ተራ ጠብቆ ወደ ማዶው ደሴት ሰው ያሻግራል፣ ይመልሳል፣ የቤት ኪራይም የልጆች ደብተርም ከዚያ ይወጣል። ሞተሩ አሮጌ ነው፤ አሥራ አራት ሲገዛውም አሮጌ ነበር። ይኸው አሁን ድፍን ወር አመል አውጥቷል። ይነሳል፣ አራት አምስት ደቂቃ ይሠራል፣ ከዚያ ጉሮሮው እንደተያዘ ሰው ይንተፋተፍና ይጠፋል። የባለጀልባዎች ማኅበር ደንብ ደግሞ ቀልድ አያውቅም፤ ሠላሳ ቀን የቆመ ጀልባ ተቆጣጣሪ አሳፍሮ ደሴቱ ድረስ ደርሶ ካልተመለሰ ተራው ለተጠባባቂ ይሰጣል። ሠላሳኛው ቀን ዛሬ ነው፤ ፍተሻው የሚጀመርበት ሰዓትም ዘጠኝ።

በዚህ ወር ውስጥ ሞተሩ ሁለት ጋራዥ ገብቷል። የሚያሳብደውም ይህ ነው፤ ሁለቱም ጋራዥ ሲዘምር ዋለ። መካኒኮቹ ውሃ በሞላ በርሜል ውስጥ ተክለው፣ ከራሳቸው ታኒካ ቤንዚን አጠጥተው፣ አንድ ሰዓት ሙሉ አሠርተው «ምንም የለበትም፤ ከእኔም ከአንተም ይሻላል» ብለው መለሱት። ቤቱ ሲመለስና ውሃ ላይ ሲወርድ፣ አራት ደቂቃ። አሥራ አራት መጀመሪያ ካንዴላ ለወጠ፤ ቀጥሎ ማደያውን ውሃ ቀላቅሎ ሸጠልኝ ብሎ ረገመ፤ ቀጥሎ ሰው ዓይን ጥሎብኛል አለ። በመጨረሻ፣ የቸገረው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ ወንድሙን ለመነ። ወንድምየው የመኪና መካኒክ ነበር። ይሠራበት የነበረው ጋራዥ ሲዘጋ ለጥቂት ቀን ብሎ መጣ፤ ጥቂቱ ቀን ሦስት ዓመት ሆነና እስከ ዛሬ የውጪው ክፍል ሶፋ ላይ ይተኛል። ሞተሩን ካዳነ ከሰዓት በኋላ ባለው ሥራ ጀልባዋን እሱ እንዲነዳ ተስማምተዋል።

ቤንዚኑ የሚያድረው መኝታ ቤት ነው። መሳፈሪያው ላይ ያደረ ታኒካ ባዶውን ይነጋል፤ የውጪው ክፍል ደግሞ ሰፊ ነው፣ መስኮት አለው፣ ግን እዚያ ወንድምየው አለ። የዛሬ ሦስት ዓመት፣ በመጣ በሁለተኛው ሳምንት፣ ከታኒካው ሁለት ሊትር ጎደለ። ማን እንደወሰደው አልታወቀም፤ አሥራ አራት ራሱ ሲሞላ ተሳስቶ እንደሆነም አልታወቀም። «አንተ ነህ» ያለው የለም። አሥራ አራት ዝም ብሎ ታኒካውን አንሥቶ አልጋው ራስጌ አስቀመጠው። እንዲህ ያለ ዝምታ ከስድብ ይከፋል፤ ስድብ ቢሆን መልስ አለው። ከዚያ ወዲህ ባልና ሚስት፣ ሁለት ልጆች፣ የስፌት መኪና፣ የደንበኛ ጨርቅና አሥራ አምስት ሊትር ቤንዚን ሦስት በሦስት በሆነች፣ መስኮት በሌላት ክፍል አብረው ያድራሉ። ጠዋት ጠዋት ሚስትየዋን ራሷን ይፈልጣት ነበር። ትንሿ ልጅ ትስል ነበር። ሃያ አራት ዩኒፎርም ሰፍታ ያስረከበችበት ትምህርት ቤት «ልጆቹ ማደያ ማደያ ሸተቱ» ብሎ መልሶባታል፤ እነዚያን ልብሶች ሦስት ጊዜ አጥባ በግማሽ ዋጋ ገበያ ላይ ሸጠቻቸው። ለባሏ ስንቴ ነገረችው! ጆሮ ዳባ ልበስ። በመጨረሻ በራሷ መላ ከሽታው ተገላገለችና ከዚያ ወዲህ ነው እንደ ሰው መተኛት የጀመረችው።

ሁለት ሰዓት ሲሆን መሳፈሪያው ላይ ነበሩ። ባሏ ቀን እንዲጨምሩለት ደጅ ሊጠና ማኅበሩ ቢሮ ሄደ። እሷ የተገለበጠ ሳጥን ላይ ተቀመጠች፤ እጇ ቦዝኖ መዋል ስለማይችል ቁልፍ የሚተከልላቸው ሸሚዞች በከረጢት ይዛ መጥታለች። ዋርሳዋ ጀልባው ውስጥ ገብቶ የሞተሩን ክዳን አወለቀ። የጠዋቱን ነገር ሁለቱም አላነሱትም። «እትዬ፣ ለኪያ» አላት ብቻ፣ ፊቱን ሳያዞር። ያን ጊዜ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች። ታኒካውን ከፍታ እንጨቱን ነከረች፣ አወጣች፣ «ልክ ነው» አለች። ምኑ ልክ እንደሆነ እግዜር ይወቀው።

የመሳፈሪያው ጥላ ሥር ደግሞ ወራሽ ተቀምጧል። ተጠባባቂዎች ዝርዝር ላይ አንደኛ የሆነ፣ አዲስ ሞተር ገዝቶ ሰባት ወር ሙሉ የሰው ተራ እስኪከፈት የሚጠብቅ ሰው ነው፤ ስሙን ያወጡለት ባለጀልባዎቹ ናቸው። ክፉ አይደለም፤ እንዲያውም ትሑት ነው። የሚያናድደውም እሱ ነው። ሻይ ላከላቸው፣ ዳቦ ላከላቸው፣ ሞተሩ በተነሳ ቁጥር «እሰይ!» ይላል፣ በጠፋ ቁጥር ከንፈሩን ይመጥጣል፤ በሁለቱም ጊዜ ሰዓቱን ያያል።

ሞተሩ በሦስተኛው ጉተታ ተነሳ። ዋርሳዋ ጆሮውን አዘንብሎ አዳመጠው። አንድ ደቂቃ፣ ሁለት፣ ሦስት። አራተኛው ላይ ድምፁ ቀጠነ፣ ተንተፋተፈ፣ ጠፋ። «ለኪ» አላት። የታኒካውን ክዳን ስታላላው እፍፍፍ የሚል ነገር ሰማች፤ ለካች፤ ዘጋች። እሱ ካንዴላውን ፈትቶ አፉን በጣቱ ዳሰሰው፤ ደረቅ ነው። «እሳቱ ደህና ነው፤ ነዳጅ ነው የማይደርሰው» አለ። «መንገድ ላይ የሚያንቀው አለ።» ከታኒካው ጀመረ። ክዳኑ አናት ላይ ያለችውን አየር ማስገቢያ ብሎን ወደ ግራ ወደ ቀኝ አሽከረከራት፤ ሳታስቸግር ዞረችለት። አየሩ ክፍት ነው ብሎ ወደ ጎማው አለፈ።

ከታኒካው ወደ ሞተሩ የሚሄደው ጎማ መሐል ላይ በእጅ የምትጨመቅ፣ እንቁላል የምትመስል ፓምፕ አለች። ነዳጅ ሲያጥር ይቺ ነገር ተሟሽሻ ትናገራለች፤ መካኒክ ሁሉ መጀመሪያ የሚያያት እሷን ነው። አሥራ አራት ግን ከሁለት ዓመት በፊት ስትሰነጠቅበት በብስክሌት ጎማ ቁራጭ፣ እንደተሰበረ ክንድ፣ ሰባት ዙር ጠቅልሎ በሽቦ አስሯታል። አሁን በድንጋይ ቢመቷትም አትሟሽሽም፣ አትናገርም። ዋርሳዋ ጎማውን ከጫፍ እስከ ጫፍ በሳሙና ውሃ አሸው፤ አረፋ አልወጣም። ማያያዣዎቹን አጠበቀ፤ ማጣሪያዋን ፈትቶ አጠበ፤ እውነትም እድፍ ነበረባት። ደስ አለው። ገመዱን ሳበ፣ ተነሳ፣ አምስት ደቂቃ ሠራ፣ ጠፋ። «ለኪ።» እፍፍፍ። ለካች። የማታውቀው ሰው አጠገባቸው ቆሞ «ምን እያደረገች ነው?» ብሎ ጠየቀ፤ ዋርሳዋ ቀና ሳይል «እየጠበቀችኝ ነው» አለ። ሰውየው የፍቅር ነገር መስሎት ስቆ አለፈ። እሷ ክሩን በጥርሷ በጠሰችና አንገቷን ደፋች።

አራት ሰዓት ላይ ሞተሩ ላይ ያለውን የነዳጅ ፓምፕ ከፈተ። ውስጡ ያለችው ስስ ላስቲክ ተቀድዳ እንደሆነ ብሎ ወደ ፀሐይ ዘርግቶ አያት፤ ምንም የላትም። ሲመልሳት ከስድስቱ ብሎኖች አንዷ ከጣቱ አመለጠች፣ የጀልባውን ጠርዝ አንድ ጊዜ መታች፣ ውሃ ውስጥ ገባች። ዋርሳዋ ውሃውን አየው፤ ውሃውም አየው። ከዚያ ተነሥቶ ብሎን ፍለጋ ሄደ። አንደኛው ሱቅ የለም አለው፤ ሁለተኛው ያለ ሙሉ ስብስቡ አልሸጥም አለው፤ ሦስተኛው የአንዲት ጥፍር የምታህል ብሎን ዋጋ ብሎ የጠራው የምሳቸውን ዋጋ ነው። ከፈለ። ሲመለስ አምስት ተኩል ሆኖ ነበር። ላቡ ሸሚዙን ከጀርባው ጋር አጣብቆታል። ገጠማት፣ ሳበ፣ ተነሳ። ስድስት ደቂቃ! ወራሽ እንኳ ከተቀመጠበት ብድግ አለ። ሰባተኛው ደቂቃ ላይ ጠፋ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል፤ ይህ ሞተር ከውሃው ተምሯል።

«ለኪ» አላት፤ አሁን ድምፁ ሰልችቶታል። ለካች። እሱ ሳበ፤ ወዲያው ተነሳ፤ ከአራት ደቂቃ በኋላ ጠፋ። ልብስ ሰፊዋ መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰክታ «ለምንድነው ሁልጊዜ እኔ ከለካሁ በኋላ የሚነሳው?» አለችው።

«ስለሚያርፍ ነው፣ እትዬ። ሞተር ሲሞቅ ይደክመዋል።»

«ስለካ እኮ ግማሽ ደቂቃ አልፈጅም። በግማሽ ደቂቃ የሚወጣለት ድካም ምን ዓይነት ድካም ነው?»

«እትዬ፣» አላት፣ እያከበረ፣ እየለመነ፣ «እባክሽ ይኼን ለኔ ተዪው። የመርፌ ሥራ አይደለም።» ካርቡራተሩን ይፈታ ጀመር። እሷም ወደ ሸሚዟ ተመለሰች። ዝም ያለችው አምናው አይደለም። አሥራ ሁለት ዓመት የስፌት መኪና ረግጣለች፤ ክር መርፌው ጋ ሲበጠስ ጀማሪ መርፌውን ይወቅሳል፤ የኖረበት ግን ዞር ብሎ ክሩ የሚመጣበትን ያያል። እሱ ከታኒካው ተነሥቶ እየራቀ፣ እየራቀ፣ እነሆ የሞተሩ ሆድ ውስጥ ገብቷል። የካርቡራተሩን ቀጫጭን ቀዳዳዎች በመዳብ ሽቦ ሲጎረጉር፣ በአፉ ሲነፋ፣ ቤንዚን ሲተፋ ሰባት ሰዓት አለፈ። ገጠመው። ሳበ። ሠራ። ጠፋ። ዋርሳዋ ካቻቢቴውን ጀልባው ወለል ላይ ወረወረው።

«አልለካም» አለች እሷ።

«ምን?»

«አሁን አልለካም። ዝም ብለህ ሳበው።»

ትከሻውን ነቅንቆ ሳበ። አልተነሳም። ሃያ ጊዜ ሳበ፤ መዳፉ ላይ ያለው ውሃ የቋጠረ ቦታ ፈነዳ፤ አልተነሳም። ምሽት ድረስ ቢስብ እንደማይነሳ ልቧ ነገራት። አሳርፎት አምስት ደቂቃ ጠበቀ፤ እንደገና ሳበ፤ ምንም። «አለቀ» አለና ተነሥቶ ጀልባው አፍንጫ ላይ ሄዶ፣ ጀርባውን ሰጥቷት፣ ራሱን በሁለት እጁ ያዘ። እሷ ታኒካው ላይ አጎነበሰች። ክዳኑን ቀስ ብላ፣ ሩብ ዙር ብቻ አላላችው። እፍፍፍ። ታኒካው ረጅም ትንፋሽ ወደ ውስጥ ሳበ። ብረቱም ጎኑ ላይ ኳ አለ፣ ተወጥሮ የነበረ ነገር እንደተለቀቀ። ቀኑን ሙሉ ስትሰማው የዋለችው ቤንዚን የሚተነፍስ ሳይሆን ታኒካው አየር የሚውጥበት ድምፅ ነው። ክዳኑን ገልብጣ ውስጡን አየችና ክው አለች።

እዚያ፣ የአየር ቀዳዳዋ አፍ ላይ፣ የገዛ አውራ ጣቷ አሻራ ነበር። ሳሙና ላይ። ከዓመታት በፊት በአውቶቡስ ስትሄድ መንገድ ላይ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር የሚያንጠባጥብ ታንክ በልብስ ሳሙና ሲደፍን አይታለች፤ ቤንዚን ሁሉን ነገር ሲያሟሟ ሳሙና ግን አይነካም። የክዳኑ ብሎን ጥርሱ ስላለቀ ቢጠብቅም ሽታው ያመልጥ ነበር። ስለዚህ አንድ ማታ፣ ልጅቷ ስትስል አምሽታ፣ ክዳኑን ፈታ ከውስጥ በኩል ሳሙና በአውራ ጣቷ አሽታ ጠቀጠቀችበት። ብሎኗ ከላይ እንደ ልቧ ትዞራለች፤ ከሥር ግን መንገዱ ዝግ ነው። ያን ማታ ሽታው ጠፋ። በማግሥቱ ባሏ ሞተሩ ውሃ መሐል ቆመብኝ ብሎ በሰው ጀልባ ተጎትቶ መጣ። ሁለቱን ነገር አገናኝታቸው አታውቅም። ማን ያገናኝላት? ሞተሩ ምን እንደሚበላ፣ በምን እንደሚተነፍስ በዚያ ቤት የነገራት ሰው የለም። ሁለት ጋራዥ፣ አንድ ካንዴላ፣ አንዲት ብሎን፣ ሠላሳ ቀን። ላም ባልዋለበት ኩበት ሲለቀም ከርሟል። ሲያስነሳ ለኪ፣ ሲጠፋ ለኪ የተባለችው ደግሞ በለካች ቁጥር አየር እያስገባች ሞተሩን ታስነሳለች፤ እሱም ያጠበው ማጣሪያ፣ የነፋው ቀዳዳ የሠራለት ይመስለዋል። ያ እንጨት ባይኖር ኖሮ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ባወቁት ነበር።

መጀመሪያ የመጣባት እፍረት ነው። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ እሷ ደግሞ የሸሸገችው ሳታውቅ ነው። ብትናገር አሥራ አራት ይህን ወር ዕድሜ ልኩን ያነሣባታል፤ እናቱ ትሰማለች፣ መሳፈሪያው ይሰማል፣ «ሚስቱ በሳሙና የደፈነችው» ይባላል። እፍረቷ ግን ብዙ አልቆየም፤ ንዴት ገፍቶ ተካው። ሳሙናውን ማን አስያዛት? ቀና ብላ አየች፤ ዋርሳዋ አሁንም ጀርባውን እንደሰጠ ነው። መርፌዋን ከሸሚዙ ነቀለችና ሳሙናውን ፈልፍላ ፍርፋሪውን ቀሚሷ ኪስ ከተተች። በቀዳዳዋ ነፋችባት፤ አየሩ ወዲያ አለፈ። ክዳኑን መለሰች። ሆድ ይፍጀው አለች በልቧ።

«አንድ ጊዜ ብቻ ሳበው» አለችው።

«እትዬ ተዪኝ።»

«አንድ ጊዜ! ከዚያ በኋላ ብታቃጥለውም አልናገርህ።»

እየተነጫነጨ መጣ፣ ሳበ። በሁለተኛው ተነሳ። አራት ደቂቃ አለፈ። ሰባት። ዋርሳዋ መቆም አቅቶት ተቀመጠ፣ መቀመጥ አቅቶት ተነሣ። አሥር። አሥራ አምስት። ሃያ ደቂቃ ሲሞላ ዓይኑ እንባ አቀረረ። «አልኩሽ እኮ! ካርቡራተሩ ነበር! ያቺ ቀጭኗ ቀዳዳ!» አለና በቤንዚን እጁ ትከሻዋን ያዛት። የደስታውን ግማሽ እንኳ ልትነጥቀው አልጨከነችም። «እሰይ፣ ዋርሳዬ» አለችው። ወራሽ ጥላው ሥር ሆኖ «እሰይ» አለ፤ ድምፁ ግን ልብ አልነበረውም፣ የቀረውንም ሻይ መሬት ላይ ደፋው።

ለዘጠኝ ሩብ ጉዳይ ሲሆን አሥራ አራት ተቆጣጣሪውን አስከትሎ መጣ። ፊቱ ላይ ለቅሶ የሚሄድ ሰው መልክ ነበረው፤ ሞተሩን ሲሰማ እርምጃው ተደናቀፈ። ሦስቱ ወንዶች ተሳፍረው ሄዱ። እሷ መሳፈሪያው ላይ ቀረች። ጀልባዋ እያነሰች፣ እያነሰች ደሴቱ ጋ ስትደርስ ዓይኗን ጨፈነች፤ በየት በኩል እንደምትጸልይ እንኳ አላወቀችም፤ ሞተሩ ቢቆም ቤታቸው ያልቅለታል፣ ባይቆም ደግሞ ዛሬ ማታ ታኒካው ክፍት ቀዳዳውን ይዞ ልጆቿ ራስጌ ነው። ዓይኗን ስትገልጥ ጀልባዋ እያደገች ትመጣ ነበር። ተቆጣጣሪው ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ፈረመ። አሥራ አራት ወንድሙን በሁለት እጁ አንገቱን አቅፎ «የእናቴ ልጅ! ሁለት ጋራዥ ያቃተውን!» እያለ ለባለጀልባው ሁሉ አሳየው። ዋርሳዋ እንደ ሙሽራ አቀርቅሮ ይስቃል። በሦስት ዓመት ውስጥ ሲተቃቀፉ ስታያቸው የመጀመሪያዋ ነው፤ ደስ አላት፤ እውነት ነው፣ ለአንድ አፍታ ደስ አላት።

ከዚያ አሥራ አራት ታኒካውን ከጀልባው አንሥቶ እግሯ ሥር አስቀመጠውና «ይዘሽው ግቢ፤ ቦታውን ታውቂያለሽ» አላት፤ ዞር ብሎም ሳቁን ቀጠለ።

አነሣችው። ሦስት እርምጃ ሄደች። ወር ሙሉ ረስታው የነበረው ሽታ በዚያች ቀዳዳ ወጥቶ አፍንጫዋን መታት። አስቀመጠችው።

«እቤት አይገባም» አለች።

«ምኑ?»

«ይኼ። ልጆቼ ክፍል አይገባም።»

«አሁን የዚህ ጊዜ ነው?» አለ ወደ ሰዎቹ እያየ፣ ፈገግታው ሳይጠፋ። ያ ፈገግታ ነው ሆድ ይፍጀው ያለችውን ያወጣው። ኪሷ ገብታ የሳሙናውን ፍርፋሪ አውጥታ መዳፏ ላይ ዘረጋችው። እኔ ነኝ የደፈንኩት አለች። አየር ማስገቢያውን፣ በሳሙና፣ የዛሬ ወር። ካርቡራተሩም ፓምፑም ምንም አልሆኑም፤ ታኒካው ነው ታፍኖ የቆየው፤ ልጆችህ እንዳይታፈኑ እኔ አፈንኩት። የዋርሳዋ ሳቅ ፊቱ ላይ እንዳለ ደረቀ። ወራሽ ሊሄድ ከረጢቱን አንሥቶ ነበር፣ ቆመ።

አሥራ አራት ሳሙናውን አየ፣ እሷን አየ። «ወር ሙሉ!» አለ። «ወር ሙሉ ስቃጠል እያየሽ! ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?»

«ሳሙናውን ዛሬ ነው ያወቅኩት። ሽታውን ግን ነግሬሃለሁ።»

«መቼ?»

«ልጅቷ ስትስል ነግሬሃለሁ። ዩኒፎርሙ ሲመለስ ነግሬሃለሁ። ራሴን በሻሽ አስሬ ስተኛ ምን ሆነሽ አልከኝ፣ ነግሬሃለሁ።»

አሥራ አራት ግንባሩን ቋጥሮ አሰበ። ከልቡ ነው ያሰበው፤ ኪሱ ውስጥ ቁልፍ እንደሚፈልግ ሰው ፈለገ፣ ፈለገ፣ አጣ። «አልሰማሁም» አለ። እየዋሸ አልነበረም። ቢዋሽ ይሻላት ነበር፤ የሚዋሽ ሰው ቢያንስ ሰምቷል።

«እኔ ሰምቻለሁ» አለ ዋርሳዋ።

ሁሉም ዞሩ። ጀልባው ውስጥ እንደቆመ ነው፤ ገመዱን በእጁ ይጠመጥማል። «ነግራሃለች፣ ጋሼ። ሁሌም ነው የምትነግርህ። በግድግዳው ይሰማል።» ሊያግዛት ብሎ ነው። ለእሷ ምስክር የቆመ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው፤ ልታመሰግነው አፏን ከፍታም ነበር። ግን የወጣው ሌላ ነገር ነው።

«ሰምተሃል?» አለችው።

«ሰምቻለሁ፣ እትዬ።»

«ሦስት ዓመት?»

ገመዱን መጠምጠም አቆመ። «እኔ ጋ ይደር ብል፣» አለ ቀስ ብሎ፣ «ቤንዚኑን ፈልጎ ነው እንዳትሉኝ ብዬ።» እውነቱን ነው፤ ይሉት ነበር። ከሰው ሁሉ በፊት ባሏ ይለው ነበር፤ እሷም ምናልባት በልቧ ትለው ነበር። ያ ደግሞ የበለጠ አንገበገባት። አንዱ አጠገቧ ተኝቶ አልሰማም፤ ሌላው ከግድግዳ ወዲያ ሆኖ እያንዳንዱን ሳል ቆጥሯል፤ ልጆቿ ላይ የመጣው ነገር ግን አንድ ነው። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ይነቅዛል። ሳሙናውን ውሃው ላይ አራግፋ የሸሚዞቿን ከረጢት አነሣች። ታኒካውን መሐላቸው እንደተቀመጠ ትታው ሄደች። ከኋላዋ የጠራት የለም።

ቤት ስትደርስ ልጆቹ ገና ከትምህርት ቤት አልመጡም። መኝታ ቤት ገብታ በሩን ከውስጥ ቀረቀረችና የስፌት መኪናዋ ላይ ተቀመጠች። ሰባት ሸሚዝ ቀርቷታል፤ እጅጌያቸው የሚታጠፍ። ሁለተኛውን ስትጀምር የውጪው በር ተከፈተ። ሁለቱም ናቸው። ከኮምፔንሳቶው ወዲያ ታኒካው ወለል ላይ ሲያርፍ፣ ቤንዚኑ ሲዋዥቅ፣ ደግሞ ሲነሣ፣ መስኮቱ አጠገብ ሲያርፍ፣ ደግሞ ሲነሣ ይሰማታል። ወንድማማቾቹ ተንሾካሾኩ። አንዱ ሳለ። ከዚያ የመኝታ ቤቱ በር ቀስ ብሎ ተንኳኳ።

«ስሚ» አለ አሥራ አራት። ጠበቀ። «እህ? ይኼን ነገር የት ላድርገው?»

ጥሩ አድርጋ ሰማችው። እጅጌውን አስተካክላ ከመርፌው ሥር አስገባችና መኪናውን ረገጠች።